ሲጠለፍ ሲፈታ የከረመው መጋረጃ

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ዳር አዲስ በተሠራው የእግር መንገድ ሳልፍ፣ ከድንጋይ መቀመጫ ላይ ያረፉ አንድ ሽማግሌ «ልኩ ተጣራልሽ ወይ?» አሉኝ። ነጭ ቆብ አድርገዋል፤ ምርኩዛቸውን ከሁለት ጉልበታቸው መካከል ተክለውታል። ለሌላ ሰው የተናገሩ መስሎኝ ዞር ብዬ አየሁ፤ ከኋላዬ ማንም የለም። ደግሜ ሳያቸው ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ ድሮ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ጀልባ ይነዱ የነበሩት። ከሰው ጋር ማውራት ዛሬም አይቀናኝም፤ ፊቴ ጋለ። «ተጣርቷል፣ ጋሼ» አልሁና ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ያዝሁ። «አልሐምዱሊላህ። እኔ ደግሞ ሳይጣራ የምሞት መስሎኝ ነበር» ብለው ሳቁ። ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ሐይቁን ስለወረረው እምቦጭ፣ ጀልባዋን ለወንድማቸው ልጅ ስለ መስጠታቸው አወሩኝ። ከዚያ ተለያየን። ያ ጊዜ ግን ቤቴ እስክደርስ አልተለየኝም።

ያን ጊዜ የእግር መንገዱ አልነበረም። ከዘንባባው ጎዳና ወደ ውሃው የሚያወርደው ጭቃ ነው፤ ከጭቃው ቀጥሎ ደንገል፣ ከደንገሉ ቀጥሎ ሐይቁ። ባጃጅ ገና ብርቅ ነበረች። ከተማው በሳይክል ነው የሚሄደው፤ ሳይክል በሰዓት የሚያከራዩ ልጆች በየማዕዘኑ ተደርድረው ይቆማሉ፤ አንድ ብር ከሃምሳ የያዘ ሰው ከጊዮርጊስ እስከ ዓባይ ድልድይ ደርሶ ይመለሳል። እኔ ሳይክል ነድቼ አላውቅም፤ ሰው ያየኛል ብዬ። ሴቶቹ ጅንስ ሱሪ ላይ ቀሚስ ደርበው የሚለብሱበት ጊዜ ነበር። እኔም አንድ ጅንስ ነበረችኝ፤ የምለብሳት ግን ሲመሽ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ነው። ከገበያው ጥግ ስልክ ላይ ዘፈን የሚጭኑ ልጆች ነበሩ። ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ እስክስታ ይለቁታል፤ ጥልፌን የምጠልፈው በእሱ ምት ነበር። ዘፈኑ ሲቋረጥ መብራት እንደጠፋ አውቃለሁ። አሁን በዚያ ጥግ ፎቅ ተሠርቷል። ዘፈኑንም ማን እንደዘፈነው አላውቅም።

የምሠራው ከዚያው ጥግ፣ እትዬ ብርቱካን የምትባል ሴት ከከፈተችው ልብስ ስፌት ቤት ነው። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምሁት። እማዬ ከዘጌ በጀልባ የሚመጣ ጌሾና ሎሚ እየተረከበች ትሸጥ ነበርና እግሯ ማበጥ ሲጀምር የሚረዳት ሰው አስፈለጋት። በኋላ እጄ ለጥልፍ እንደሚሆን ታየና እትዬ ብርቱካን ወሰደችኝ። እዚያ ቤት ቀሚስ ጠልፌ ለማድረስ ተቸግሬ አላውቅም። ሙሽራዋ በር ላይ ቆማለች፤ እትዬ ብርቱካንም «ትርንጎ፣ ሠርጉ እኮ ነገ ነው፤ ለልጅ ልጇ አይደለም የምትጠልፊው» ትለኛለች። መጠነኛ ስህተት ቢኖርም ሴትዮዋ ትለብሰዋለች፣ ትጨፍርበታለች፣ ወጥ ታፈስበታለች። እኔም ረስቼው ሌላ እጀምራለሁ። ጭንቁ ያለው ቤቴ ውስጥ ነበር።

ሕፃን ሳለሁ ኩፍኝ ይዞኝ ዓይኔ ተገልብጦ ነበር አሉ። እማዬ አዝላኝ ወደ ሐይቁ ዳር ወረደችና ከማዶ የሚታየውን ደሴት እያየች ተሳለች። ደሴቱ ላይ ገዳም አለ፤ ሴት አይረግጠውም። «ይህችን ካተረፍህልኝ ለበርህ መጋረጃ አስገባለሁ» አለች ታቦቱን። እኔ ተረፍሁ። መጋረጃው ግን ቆየ፤ ያኔ እንኳን ለገዳም በር ለራሳችን በርም ጨርቅ አልነበረንም። እኔ መጥለፍ ከቻልሁ በኋላ ሸማኔ ዘንድ ሄዳ ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ሸማ አሠራችና ከጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። «የተሳልሁት ስላንቺ ነው፤ በአንቺ እጅ ይግባ» አለችኝ። መሐሉ ላይ ትልቅ መስቀል፣ ዙሪያውን እንደ ብራና ጌጥ የሚጠላለፍ ሐረግ እንዲሆን ተስማማን። ለበዓሉ፣ ለገዳሙ ንግሥ ይደርሳል ተባለ።

መጀመሪያ የቀዩ ክር ነገር ነበር። አንዱ ቀይ ጡብ ይመስላል፣ ሌላው ደም። ክር ቤት ገብቼ «ከዚህ ትንሽ ጠቆር ያለ» ለማለት አፌ ስለማይታዘዘኝ በጣቴ አሳይቼ እወጣለሁ፤ ቤት ስደርስ ያልፈለግሁት ሆኖ አገኘዋለሁ። ቀጥሎ የልኩ ነገር መጣ። በሩን አላየሁትም፤ ላየውም አልችልም። ስለዚህ ጋሽ ሰይድ ጌሾ ይዘው ሲመጡ «ጋሼ፣ የበሩን ቁመት ይጠይቁልኝ» አልኋቸው። ከመነኮሳቱ አንዱ በክንዳቸው ለክተው በገመድ ቋጥረው ላኩልኝ። አንድ ቋጠሮ አንድ ክንድ ነው። የማን ክንድ እንደሆነ ግን አልተባለም። ይጣራልኝ አልሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ገመድ መጣ፤ ከፊተኛው በስንዝር ያንሳል። ሦስተኛው ከሁለቱም ይረዝማል። ጋሽ ሰይድ ገመዶቹን እንደ ዓሣ አንጠልጥለው በራችን ላይ ቆሙ።

«አንቺ ልጅ፣ መነኮሳቱን ከጸሎት አስፈታሻቸው። አንዱ አጭር ነው፣ አንዱ ረጅም ነው፣ አንዱ ክንዱ ተሰብሮ የታሸ ነው። የትኛውን አምጣልሽ?»

«ሜትር ልላክላቸው?» አልሁ።

«ላኪላ።»

የእትዬ ብርቱካንን ሜትር ላክሁ። ለገዳሙ የተሰጠ መስሏቸው መርቀው አስቀመጡት። እትዬ ብርቱካን ወር ሙሉ ስትነጫነጭ ከረመች፤ እኔም ልኩ እስኪታወቅ ተብሎ መርፌ ሳላነሣ ያ ወር አለፈ። እውነቱን ለመናገር ልኩ አለመታወቁ ደስ ብሎኝ ነበር። ገና ያልጠለፍሁት መስቀል ሁልጊዜ ቀጥ ያለ ነው። ከሥራ ስመለስ ሸማውን አውጥቼ፣ ዘርግቼ፣ በመዳፌ አለስልሼ መልሼ አጥፈዋለሁ። እንዲህ ሆኖ የመጀመሪያው በዓል አለፈ።

በሁለተኛው ዓመት ጠለፍሁ። ጠለፍሁ፣ ፈታሁ። መስቀሉን ከአንዱ ክንፍ ጀምሬ ወደ ሌላው ስሻገር ስፌቱ የላላ ይመስለኛል፤ ምላጭ አንሥቼ ክሩን በጠስ በጠስ አደርገዋለሁ። ሐረጉን ከቀኝ ከጨረስሁ በኋላ ከግራው ጋር ሳስተያየው ቅጠሉ አይገጥምም፤ እፈታዋለሁ። ሰው ሰነፍ ያለኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ሰነፍ ግን አልነበርሁም። ከማንም በላይ ስሠራ ነው የምውለው፤ ሲመሽ ጨርቁ እንደ ጠዋቱ ነጭ ነው። እንዲያውም ከጠዋቱ የባሰ፤ መርፌ የገባበት ቀዳዳ ቀርቶበታል። እማዬ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ሎሚ እየመረጠች ታየኛለች። ሁለተኛው በዓል ያለፈ ዕለት፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ የበሰበሰውን ሎሚ ወደ ውጭ እየወረወረች፣

«ከነስለቴ ልትቀብሪኝ ነው?» አለችኝ።

«እሱ እንዲህ ያለ ሥራ ይቀበላል ወይ?» አልሁ።

«እኔስ ሳትድኚ፣ እንዳለሽ ይቀበልሽ ብዬ አይደል ይዤሽ የወረድሁት?» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አላነሣችም። እግሯ ግን እየባሰባት ሄደ። ወደ ጀልባው መውረድ ተወች፤ ጋሽ ሰይድ ራሳቸው ጌሾውን ቤት ድረስ ያመጡላት ጀመር። ሌሊት ስትተነፍስ እሰማታለሁ፤ እንደ ወናፍ ናት።

አሁን ሳስበው ያ ቤታችን ይገርመኛል። አንድ ክፍል ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው በጋዜጣ የተለበጠ። ጋዜጣው ላይ የነበረውን ሁሉ ሸምድጄው ነበር፤ ማን ምን እንደተሾመ፣ የትኛው ግድብ እንደተመረቀ። የቆጋ መስኖ ውሃ ተለቆ አክስቴ ድንች በጆንያ መላክ የጀመረችው በዚያው ሰሞን ይመስለኛል። ቤቱ ሎሚና ድንች ይሸት ነበር። ዛሬ በሰባታሚት በኩል የራሴ የምለው ክፍል አለኝ፤ ግድግዳው ቀለም ተቀብቷል፤ የሚነበብ ነገር የለበትም።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ሰይድ አንድ መነኩሴ አስከትለው መጡ። አባ ኪሮስ ይባላሉ፤ የገዳሙን ዕቃ የሚጠብቁ ናቸው፤ ስማቸውን ከጋሽ ሰይድ ሰምቼው እንጂ አይቻቸው አላውቅም ነበር። እማዬ ከአልጋዋ ለመነሣት ስትታገል «ተይ፣ ባለሽበት» ብለው መስቀል አሳለሟት። እኔንም አሳለሙኝ። ከጋቢያቸው ውስጥ በንጹሕ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። እማዬ አዲስ ነጠላዋን አልጋው ላይ እንዳነጥፍ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። አነጠፍሁ። አባ ኪሮስ የያዙትን ዘረጉት፤ ያረጀ መጋረጃ ነው።

«ልኩን ስትጠይቂ ሁለት ዓመት ሆነሽ፣ ልጄ» አሉ። «ይኸው ልኩ። የቤተ ክርስቲያን ነውና አትንኪው። በዓይንሽ ለኪ።»

እጆቼን ከኋላዬ አድርጌ ቆምሁ። ጨርቁ የጭስ ቀለም ይዟል፤ ሰም ጠብ ጠብ ብሎበታል። መሐሉ ላይ እንደኔው መስቀል ተጠልፏል። መጀመሪያ ያየሁት የግራውን ክንፍ ነው፤ ከቀኙ በሁለት ጣት ይረዝማል። ስለዚህ መስቀሉ በሙሉ ወደ ግራ ያዘነበለ ይመስላል። የጠለፈችው ሴት ቀዩ ክር ከመካከል ላይ አልቆባት በቡናማ ቀጥላዋለች። ከታች አካባቢ ስፌቷ ይሰፋል፤ ቸኩላ ነበር። ሴትዮዋን ከጎኔ የቆመች ያህል አወቅኋት።

«አባ» አልሁ። ለእሳቸው የተናገርሁት የመጀመሪያው ቃል ነው። «መስቀሉ አዘንብሏል።»

«የት ላይ?»

«በግራ በኩል።»

ጎንበስ ብለው አዩ። ራሳቸውን ወደዚህም ወደዚያም አደረጉ። «ገዳም ከገባሁ ጀምሮ በየሌሊቱ ከፊቱ ቆሜያለሁ» አሉ። ደግመው ጎንበስ አሉና፣ «አዎ፣ ያዘነበለ ይመስላል። እኔ ንፋስ መከልከሉን ነው የማውቀው።»

«ማን ናት የጠለፈችው?»

«የዘጌ ሴት ናት ይላሉ። እኔ አልደረስሁባትም፤ ስመጣ ተሰቅሎ ነው ያገኘሁት።»

«እንዲህ ሆኖ ስትሰጠው አላፈረችም?»

«ትርንጎ» አለች እማዬ።

አባ ኪሮስ ግን አልተቆጡም። «አፍራም እንደሆነ ሰጥታዋለች» አሉኝ።

ከዚያ ነገሩን በርጋታ አስረዱን። እማዬ ለሁለተኛው በዓል ይደርሳል ብላ ቃል ልካላቸው ስለነበር በዋዜማው አሮጌውን አወረዱት። ሲወርድ ማንጠልጠያው የነበረበት አናቱ ተቀደደ፤ ተመልሶ አይሰቀልም። ከዚያ ጊዜ ወዲህ በሩ ባዶ ነው። በሩ ወደ ሐይቁ ስለሚያይ ንፋሱ ሰተት ብሎ ይገባል፤ ማኅሌት ላይ ጧፉን ያጠፋዋል። ያበሩታል፣ ያጠፋዋል። ዜማውን ያልሸመደዱት በጨለማ ይቆማሉ። ይህን ሲሉ እንደ ወቀሳ አልነበረም፤ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነው።

ጋሽ ሰይድ ከበሩ ላይ ሆነው «ሜትሩንስ፣ አባ?» አሏቸው።

«የመጽሐፍ ማኅደር አሥረንበታል» አሉ አባ ኪሮስ። «ጠንካራ ነገር ነው፤ እግዜር ይስጥልን።»

እነሱ ከሄዱ በኋላ ሸማውን አወጣሁ። ለሦስተኛው በዓል የቀረው ጥቂት ሳምንት ነው። ያየሁትን ቁመት በዓይኔ እንደያዝሁ ቆርጬ ጫፉን ሰፋሁት፤ ትርፉን ጨርቅ አጥፌ አስቀመጥሁ። ከዚያ መስቀሉን ጀመርሁ። በማግስቱ ምላጩን ብፈልግ የለም።

«እማ፣ ምላጩን አይተሻል?»

«ጠፍቷል።»

«ከመቀነትሽ ላይ ቋጥረሽው አየሁ እኮ።»

«እንግዲያ አልጠፋም» አለችና ሎሚዋን መምረጥ ቀጠለች።

ምላጭ እንደሆነ ኪዮስኩ ሦስት በር አልፎ ነው፤ ሳንቲም ነው ዋጋው። አንድ ቀን ነጠላዬን ለብሼ እስከ በሩ ሄጃለሁ። ሐረጉ በቀኝ በኩል አንድ ቅጠል በልጦ ነበር፤ ያ ቅጠል እንቅልፍ ነሥቶኛል። በሩ ላይ ቆሜ የጧፉን ነገር አሰብሁ፤ ጨለማ ውስጥ የሚቆሙት ሰዎች ቅጠል ሲቆጥሩ ታየኝ። ተመልሼ ተቀመጥሁ። ድፍረት አልለውም። ስህተቱም ዓይኔን መውጋቱን አልተወም፤ ግን እየወጋኝም ጣቴ ወደሚቀጥለው ቅጠል ይሄዳል። እንደዚያ መሥራት እንደሚቻል እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። የመስቀሉ የታችኛው ክንፍ ከላይኛው ወፈረ። አየሁት፤ አለፍሁት። በበዓሉ ዋዜማ አለቀ። እማዬ በመዳፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰችውና «ሻካራ ነው» አለች። ደስ ሲላት እንዲህ ነው የምትናገረው።

በበዓሉ ጠዋት መጋረጃውን በዚያው በትርፉ ሸማ ጠቅልዬ፣ መርፌና ክር እንደ ልማዴ ሻርፔ ላይ ሰክቼ፣ እማዬን በጋሽ ሰይድ ጀልባ አሳፈርኋት። ከዘጌም ከባሕር ዳርም የመጣ ጀልባ ሐይቁን ሞልቶታል። ወንዶቹ ደሴቱ ላይ ይወርዳሉ፤ ሴቶቹ ከጀልባው ላይ እንዳሉ ይሳለማሉ። አባ ኪሮስ እስከ ውሃው ጫፍ ወርደው ተቀበሉኝና መጠቅለያውን መልሰውልኝ ዳገቱን ወጡ። ከሴቶቹ መሐል ተቀምጠን ጠበቅን። እማዬ ጣቷን ከውሃው ነክራ ወደ ዛፎቹ ታያለች።

አባ ኪሮስ ተመለሱ። መጋረጃው ትከሻቸው ላይ ነው።

«አጠረ» አሉ።

«በምን ያህል?»

በእጃቸው አሳዩኝ፤ ከስንዝር ይበልጣል። «ከሥር ንፋሱ ይገባል። ግዴለም፤ ወስደሽ ቀጥይው። ለከርሞ ይደርሳል።»

እማዬ ጣቷን ከውሃው አወጣች። ለከርሞ ሲሉ አየኋት። በነጠላዋ ጫፍ ጣቷን አደረቀች፣ ደጋግማ አደረቀች። በየጀልባው ያሉት ሴቶች ሁሉ ወደ እኛ ያያሉ። በዚያን ሰዓት ሐይቁ ውስጥ መግባት ቢቻል እገባ ነበር።

«አባ፣ ይቀመጡ» አልሁ። «እዚሁ እቀጥለዋለሁ።»

መጠቅለያውን ፈትቼ ለሁለት አጠፍሁት። መጋረጃውን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁና መርፌውን ነቀልሁ። ጋሽ ሰይድ ጀልባዋን በረጅም እንጨት ደግፈው ያዙ፤ ማዕበሉ ግን አይያዝም። መርፌው ካሰብሁት ቦታ ላይ ገብቶ አያውቅም። ከጎናችን ካለው ጀልባ አንዲት ወፍራም ሴትዮ አንገቷን አስግጋ «ተወላገደባት» አለች። አጠገቧ ያለችው «ውሃው ነው እንጂ እሷ ምን ታድርግ» አለቻት። «ውሃው ባይኖርስ?» «እንግዲያ አንቺ ነይና ስፊው።» ሳቁ። ወፍራሟ ሴትዮ ወደ እኛ ጀልባ ተሻግራ ከጎኔ ተቀመጠችና የጨርቁን ጫፍ ወጥራ ያዘችልኝ። ላቤ ይወርዳል። ስፌቱ አንድ ቦታ ወጣ፣ አንድ ቦታ ገባ፤ እንደ ሐይቁ ሆነ። እስከ ጫፍ ሄድሁ፤ ክሩን በጥርሴ ቆረጥሁና ሳልዘረጋው አጥፌ ለአባ ኪሮስ ሰጠሁ።

ዳገቱን ወጡ። ከዛፎቹ ኋላ ተሰወሩ። ብዙ ቆየን፤ ከበሮው ጀመረ። ተመልሰው ግን አልወረዱም።

«ልክ ሆነ ማለት ነው» አሉ ጋሽ ሰይድ፤ ሞተሩን አስነሡ። እማዬ ስንመለስ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ለእትዬ ብርቱካን የማደርሰው ቀሚስ ነበረብኝ፤ ከሰዓት በኋላ ሥራ ገባሁ።

በዚያው ክረምት እማዬ ሞተች። ዝናብ ነበር፤ ለቀስተኛው ከቤታችን ስላልበቃ ግማሹ ጎረቤት በረንዳ ላይ ተጠልሏል። የነፍስ አባቷ ወደ ቀብር ከመነሣታችን በፊት ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «ልጇ የታለች?» አሉ። ገፋ ገፋ አድርገው አወጡኝ።

«ያላስገባችው ስለት አለባት?» አሉኝ።

ሰው ሁሉ ያየኛል።

«የለባትም» አልሁ፤ ከበረንዳው ያሉት እንዲሰሙ ጮክ ብዬ።